የፍልሰታው እንግዳና ወንድምሽ

ልጄ ሰገነት፣ እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ገብሱ አምሮበታል፤ ደባርቅ ግን ዘንድሮ ከጉም አልወጣችም። የከበደኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

«እዚህ ሰው በክርስትና ይሟገታል፤ ስለ ቡድሃ ግን ማንም አይጣላም፤ ለምን ይሆን?» ብለሽ ከሰው አገር ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ምን አውቄ፤ ቤታችን የሆነውን ልንገርሽ።

በፍልሰታ ወንድምሽ የሺዋስ ተራራውን የሚያስጎበኘውን አንድ ጃፓናዊ፣ ዝናብ ቢይዛቸው፣ ቤት ይዞት መጣ። አባትሽ የእንግዳውን ሃይማኖት ጠየቀ። የቡድሃ አማኝ መሆኑን ሲሰማ፣ «እግዜር ላገሩ በሰላም ያብቃው» ብሎ ሽሮ ጨመረለት። ይኼኔ የሺዋስ ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ እኔም ጴንጤ ሆኛለሁ፤ ፍልሰታን አልጾምም» አለ። አባትሽ ከማዕዱ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልጽፍልሽም። ወንድምሽ ዳባት ቤት ተከራይቶ ሄደ።

«እንግዳውን ታግሠህ ልጅህን መታገሥ እንዴት አቃተህ?» አልሁት።

«እንግዳው የራሱን ይዞ ነው የመጣው። የሺዋስ ግን የእኔን ጥሎ ሄደ» አለኝ።

እዚያ ያሉትም እንዲሁ ይሆናሉ መሰለኝ። ሰው የሚሟገተው ባደገበት ነገር ነው፤ ቡድሃን ብሎ ማን አሳደጋቸው፣ ማንስ በስሙ ቀጣቸው?

አባትሽ የወንድምሽን ስም አያነሣም፤ ከዳባት መኪና ሲመጣ ግን ቆሞ ያያል። እኔም የሁለታችሁን ቦታ ባዶ እያየሁ እህል አልወርድ ብሎኛል። እባክሽ ለወንድምሽ ደውዪለት። የሃይማኖት ነገር አታንሺበት፤ «ለመስቀል እናታችን ትጠብቅሃለች» በዪው ብቻ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

እናትሽ ስንቅነሽ