ከስሟ ጎን የሚቀመጥ ምልክት

ሰኞ

ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አጎቴ ጋሼ በዛብህ «አባትህ የለ፤ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ፤ ከእናትህ አጠገብ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎኛል። ከአርጆ፣ ከኡኬ ለቀስተኛ ይመጣል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። እህቴን ትዕግሥትን ከቀበርን ወዲህ ከግቢ የወጣሁት ወንበር ልዋስ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ሃዳ ቦንቱ፣ የቦንቱ እናት፣ ትከሻዬን ይዘው «ጃባዱ፣ ኢልማ ኮ» ይሉኛል። በርታ ልጄ ማለታቸው ነው። በምን እንደምበረታ ግን ማንም አይነግረኝም።

ከሰዓት ጫልቱ መጣች። ከትዕግሥት ጋር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ማስተርስ የምትማረው ናት። አለቀሰች፣ አለቀሰችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ላፕቶፗ እየሠራ ነው?» አለችኝ። ተናደድኩባት።

ማክሰኞ

ጫልቱ ደወለች። ንዴቴ በረደ። ትዕግሥት ሆስፒታል ስትሄድ ላፕቶፗ ላይ ስሌት አስጀምራ ነው የሄደችው። መምህራቸው አብረው የጻፉትን የጥናት ጽሑፍ ዓርብ ለመጽሔት ይልካል። የስሌቱ የመጨረሻ ነጥቦች ካልተገኙ እሷ የሠራችው ክፍል ከጽሑፉ ይወጣል፤ ስሟም ከጸሐፊዎቹ መካከል ተነሥቶ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና ውስጥ ይገባል። ምስጋና! ወንበር እንዳዋሰ ሰው።

ላፕቶፑ ያለበት መኝታ ክፍሏ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ እማዬ መቀነት ላይ ነው። «እስከ አርባዋ ከዚህ ክፍል ስንጥር አይወጣም» ብላለች።

ረቡዕ

እማዬን በሰው ፊት ጠየቅኳት። ስሕተት። ጋሼ በዛብህ «የእህትህ አፈር ሳይደርቅ ኮምፒዩተር አማረህ?» አለኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሃዳ ቦንቱ ብቻ «ተው እንጂ፣ ልጁ ይናገር» አሉ።

ወንበር ልዋስ ብዬ ከግቢ ወጣሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ሰው ሳይመጣ እማዬ ራሷ ጠየቀችኝ። «ምን ነበር እዚያ ክፍል ውስጥ ተዘግታ የምትሠራው?»

ትዕግሥት ለእኔ እንዳስረዳችኝ ሞከርኩ። ሁለት የወርቅ ጫፎች አሉ፤ በመካከላቸው አንዲት ሞለኪውል ተይዛለች። ኤሌክትሪክ ያልፍባታል፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትግላለች። ብርሃን ሲያርፍባት አብዛኛው እንደ አመጣጡ ይበተናል። ጥቂቱ ግን ቀለሙን ቀይሮ ይወጣል። ከመንቀጥቀጧ ጉልበት ወስዶ የሚወጣም አለ፤ እሱ ሲበዛ ምን ያህል እንደጋለች ይታወቃል። (እኔም እንደዚያው በእማዬና በጋሼ በዛብህ መካከል ተይዣለሁ። ወርቅ ግን አይደሉም።)

«ታያት ነበር?»

«አታያትም። በሒሳብ ነው። ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚወጣ እሷ ቀድማ ትናገራለች፤ መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ያዩታል።»

«ምስኪን» አለች። ለሞለኪውሏ ይሁን ለትዕግሥት አላወቅኩም።

ቅጂ ብቻ እንደሚወሰድ፣ ዕቃው ከቦታው እንደማይነሣ ነገርኳት። ቁልፉን ፈታች።

ላፕቶፑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። የለቅሶ ቤት ነው ብላ ቴሌቪዥኑንና መስታወቱን ስትሸፍን እሱንም እየሠራ ሳለ ሸፍናዋለች። አየር አጥቶ፣ ግሎ፣ ጠፍቷል። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ገደልኩት?»

ከፈትኩት። ተነሣ! የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ፊልም የማየው በእሱ ነበር። ፕሮግራሙ የአንዱን ቮልቴጅ፣ የአንዱን የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ስሌት በጨረሰ ቁጥር ውጤቱን ያስቀምጣል፤ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ብቻ ናቸው። ጫልቱ በባጃጅ ከንፋ መጥታ፣ የቀረውን ዩኒቨርሲቲ ልታስጨርስ በፍላሽ ወሰደችው።

ዓርብ

ከሰዓት ጫልቱ ደወለች። «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ውጤቱ ወጣ!» ግራፉ ላይ መስመሩ ሽቅብ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጎበጥ ብሏል፤ ትዕግሥት ከገመተችው ቀድሞ። ለምን እንደሆነ ገና አያውቁም። ቢሆንም ይበቃል፤ ስሟ ይቆያል።

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። ከጸሐፊዎቹ የሞተ ካለ ከስሙ ጎን ትንሽ ምልክት ይደረጋል፤ ቤተሰብ ካልፈለገ ይቀራል። መምህሩ ከመላኩ በፊት መልስ ይፈልጋል።

ለእማዬ ነገርኳት።

«ባይደረግስ?»

«በሕይወት ያለች ይመስላቸዋል። ጥያቄ ይጽፉላታል።»

መቀነቷን አጠበቀች። «አድርጉላት። የጻፈላት ሰው መልስ አጥቶ አይቀየማት። ስሟ ግን ከሁሉም ፊት ይሁን።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ በእኛ አይወሰንም፤ መምህሩ ነው…»

«ከፊት አልኩ!»

ጫልቱ ስትሰማ ሳቀች። በዚህ ሳምንት የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ሳቋን አቁማ «እውነታቸውን ነው። ለመምህሩ ነግሬ እደውልልሃለሁ» አለች።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ጋሼ በዛብህ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። እማዬ በየመሀሉ «ጫልቱ ደወለች?» ትለኛለች።

ገና አልደወለችም።