ዓይን ያወጣው ልጅህ ከካዲዝ

ይድረስ ለአባዬ፤

አፈሩ ካልከበደህ እንደምን አለህ? እኔ ደኅና ነኝ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ካራት ወር ሆነን፤ ከሞትህ ደግሞ ሁለት ክረምት አለፈ። የቢቸና ሰው ሁሉ የኔታ፣ እርስዎ እያለ ሲያጎነብስልህ፣ አንተ የምልህ እኔና እኅቴ የሺ ብቻ ነበርን። ዛሬም አንተ ነው የምልህ። መሞትህ እርስዎ አያሰኝህም።

ዓይንህ ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብልህ እኔ አልነበርሁ? አሁንም እየጻፍሁ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። በርሄ የሚባል ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ አንገቱን አውጥቶ "ከማን ጋር ነው የምታወራው አንተ?" ይላል። "ካባቴ ጋር ነው፣ ምን አገባህ!" አልሁት።

ስፔን ነኝ። ካዲዝ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ፤ የጣናውን ባሕር ዳር እንዳይመስልህ። የመርከባችን ሞተር ተበላሽቶ ለጥገና ከቆምን ሦስት ሳምንት አለፈን። ሰኞ ወደ አሰብ ትነሣለች። በርሄ ግን እሷ ትነሣ፣ እኛ እዚሁ እንቅር ይላል። እኔም እሺ ብዬው ነበር። ሥራ እንደሁ አላጣም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም በመርከቧ ላይ ከኔ ቀድሞ ገመድ የሚያስር ሰው የለም። ካፒቴኑ ራሱ ማዕበል ሲነሣ "ያንን ጎጃሜ ጥሩልኝ" ነው የሚለው። ብቻ ትናንት አንድ ነገር ሆነና፣ ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ብዕሩን አነሣለሁ፣ እጥላለሁ፣ ወጥቼ መርከቧን ዞሬ እመጣለሁ። ልንገርህና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። የሺ አግብታለች፤ ሞጣ ነው ያለችው። ባሏ ከሐረርጌ ተመድቦ የመጣ የጤና ረዳት ነው። ቅኔ አይገባውም፣ መርፌው ግን አያሳምምም ብላ ጽፋልኛለች። ተማሪዎችህ ተበትነው ግማሾቹ ደብረ ወርቅ ገቡ። ታስተምርበት የነበረውን የፊት ክፍል ቀበሌ ወስዶ ስኳርና ሳሙና ይሸጥበታል፤ ሰልፉ አንተ ቅኔ ትቀበልበት ከነበረው ዛፍ ሥር ነው የሚጀምረው። ሣጥንህን የሺ ሞጣ ወስዳዋለች። ከደብዳቤዋ ግርጌ "ጃንጥላው እስካሁን ሣጥኑ ውስጥ ነው" ትላለች። ሳነበው ምኑም ሳይገባኝ አልፌው ሄድሁ።

ትናንት እንግዲህ፣ የመርከበኞች ማረፊያ ያሉ ሰዎች ከተማውን በእግር እናስጎብኛችሁ ብለው ወሰዱን። ከየአገሩ አሥራ አራት ሰው ነን። እኔ የምኖርበትን አገር ልየው ብዬ ነው የሄድሁት። መሪያችን አጭር ሴትዮ ናት፤ ቢጫ ጃንጥላ ሳትዘረጋ ወደ ላይ አንሥታ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሱን እያዩ መከተል ነው። እዚህ ሰው መምራት ተምረው የሚይዙት ሙያ ነው አሉ። እኔ ሳልማር አምስት ዓመት የሠራሁትን! ደግሞም እበልጣታለሁ። ደረጃ ሲመጣ አትናገርም፣ የላላ ድንጋይ ሲመጣ አትናገርም። አንድ የፊሊፒንስ ሽማግሌ ተደናቅፎ በአፍጢሙ ሊተከል ሲል ቀለብ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እኔው ልምራህ። እጅህን እንደ ድሮው ግራ ትከሻዬ ላይ አድርግ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት የተጫነ በቅሎ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቤቱ ሦስት ፎቅ፣ አራት ፎቅ ነው፤ ፀሐይ ከታች አትደርስም። አንገትህ ላይ ጠብ ቢልብህ ዝናብ አይደለም፤ ከላይ የተሰጣ ልብስ ነው። አሁን ጥጉ ላይ እጅህን ዝቅ አድርገህ ዳስስ። ብረት ነው አይደል? መድፍ ነው። የጋሪ ጎማ ግድግዳውን እንዳይፍቀው ብለው የድሮ መድፍ በየቤቱ ጥግ ተክለዋል። አንተ ብትሆን እዚህ ላይ ቆመህ አንድ ነገር ሳትናገር አታልፍም ነበር። ከቤቶቹ አናት ማማ አለ፤ የጥንት ነጋዴዎች መርከባቸው መምጣቷን የሚያዩበት። አየሩ ጨው ጨው፣ የተጠበሰ ዓሣ ዓሣ ይላል። በየትኛውም መንገድ ብትሄድ መጨረሻው ባሕር ነው፤ ይኼ ደግሞ እግሬን ያቁነጠንጠዋል።

ትልቁን ቤተ ክርስቲያናቸውን አሳዩን፤ ደጁን ተሳለምሁ። ከሥሩ ምድር ቤት አለ። መሪዋ መሀሉ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ስታጨበጭብ ጭብጨባው ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። እዚያ ቅኔ ብትዘርፍበት ኖሮ ካዲዝ ሁሉ ይሰማህ ነበር።

ሴትዮዋ የምትለውን የሚተረጉምልኝ በርሄ ነው። የአስመራ ልጅ ነው፣ ጣልያንኛ ያውቃል፣ የስፔኑም ከሱ አይርቅም ይላል። እያደር ነቃሁበት። እሷ ብዙ ስትናገር እሱ ሁለት ቃል፤ እሷ ሁለት ቃል ስትናገር እሱ ሙሉ ታሪክ። ጨዋታው ደስ ስላለኝ ዝም አልሁት።

ኋላ ከአንድ ትልቅ ቀይ የሸክላ ሕንፃ ፊት ደረስን። ሦስት በር አለው፣ ከላያቸው ቅስት፣ ሲያዩት ያስፈራል። "ይቺ ደግሞ ማርያም ናት" አለኝ በርሄ። አንተ ያሳደግኸኝ ልጅ ማርያምን ሳይሳለም ያልፋል? ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ አማተብሁ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ሳምሁ፣ ግንባሬን አስነካሁ። የቢቸና ሰው እንዴት እንደሚሳለም ይዩ ብዬ ሁለት ስግደት ጨመርሁበት። ዞር ስል ሁሉም ቆሞ እኔን ያያል። መሪዋ መጣችና ክንዴን ይዛ፣ በቀስታ፣ እንደማፈር ብላ "ቴአትሮ" አለችኝ።

ቴአትር! ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የዘፈን ቤት ነው የተሳለምሁት። በርሄ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ዘልዬ ኮሌታውን አነቅሁና "አንተ ዓይን ያወጣህ ውሸታም!" ብዬ ጮኽሁበት።

ከዚያ እጄ ለቀቀው። አባዬ፣ ቃሉ የወጣው ከኔ አፍ ነው፤ በጆሮዬ የሰማሁት ግን ያንተን ድምፅ ነው።

መርጡለ ማርያምን ሳልሳለም አልሞትም ትል ነበር። ለስእለትህ ጃንጥላ አስገዝተህ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ውሰደኝ አልኸኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን አፈሳ ነበር፤ በየድልድዩ ወጣት እየያዙ ለውትድርና ይጭኑ ነበር። ላንተ አልነገርሁህም። ማንንም አልፈራም እያልሁ እፎክር አልነበር? ፈራሁ። ይኸው አልሁት፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን ኮረብታ አዞርሁህ። አንዱን ወንዝ ሦስት ጊዜ አሻገርሁህ፣ ባሻገርሁህ ቁጥር ሌላ ስም እየሰጠሁት። ከቢቸና ግማሽ ቀን የማትርቅ አንዲት የገጠር ገብርኤል አድርሼህ "ደረስን፣ መርጡለ ማርያም" አልሁህ።

መዳፍህን ግድግዳው ላይ አሳርፈህ ብዙ ቆየህ። ጭቃና ጭድ ነበር። የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ግንብ ጥርብ ድንጋይ እንደሆነ እኔ የሰማሁት አሰብ ከገባሁ በኋላ ነው፤ አንተ ግን መቼ ይጠፋሃል! በመንገዱ ሁሉ ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ማን ነው እያልህ የምታደክመኝ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቅህም። ተሳለምህና ተነሣህ። ትከሻዬን ይዘህ፣ ፈገግ ብለህ፣ "ዓይኔን ቢወስድብኝ፣ ዓይን ያወጣ ልጅ ሰጠኝ" አልኸኝ።

ዓይን የሆነኝ፣ ዓይን ያበቀለልኝ ማለትህ መሰለኝና ደረቴ አበጠ። ቢቸና ስንገባ ለተማሪዎችህ ነገርኋቸው፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ለያዘው ሁሉ ነገርሁ። ተማሪዎችህ እርስ በርስ ተያይተው አንገታቸውን ሲደፉ ቀኑብኝ ብዬ ነበር። ሰሙን ተሸክሜ ይኼን ሁሉ ባሕር ስዞር ወርቁን የቴአትር ቤት በር ላይ አገኘሁት።

ጃንጥላውንም ያን ቀን ለገብርኤል አልሰጠህም። እንደተጠቀለለ ይዘኸው ተመለስህ። ረስቶት ነው ብዬ ነበር። የመቶ ተማሪ ቅኔ በቃሉ የሚይዝ ሰው ስእለቱን ይረሳል? ሰው ሲጠይቅህ "ልጄ አሳልሞኝ መጣሁ" ትል ነበር። የት እንዳሳለምሁህ ግን አንድም ቀን ከአፍህ አልወጣም። አልዋሸህም፣ እኔንም አላዋረድኸኝ። እኔ በወሩ በጭነት መኪና ተሳፍሬ አሰብ ስገባ ለማን ትቼህ እንደሄድሁ እንኳ አላሰብሁም።

ጉብኝቱ ያለቀው ባሕሩ ዳር፣ ግንቡ ላይ ነው። መሪዋ ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ ሁላችንንም ጨበጠችን፤ እኔን ስትጨብጥ በሁለት እጇ ነው። በርሄ "ቀልድ ነበር እኮ ወንድሜ፣ ይቅርታ" አለኝ። "እኔ ሰኞ ተመላሽ ነኝ" አልሁት። "አብደሃል? ገና እግርህ ሳይረግጥ ይዘው ግንባር ይልኩሃል" አለኝ። ይይዙኝ ይሆናል። አሁንም እፈራለሁ፣ ጉራዬን ለሌላ ሰው ነው የምነዛው። ግን የምፈራውን ሁሉ እየዞርሁ ካለፍሁ ያንኑ ኮረብታ እንደ መዞር ሆነብኝ።

አሰብ እንደወረድሁ ሞጣ እሄዳለሁ፤ ጃንጥላውን ከየሺ እቀበላለሁ። ከዚያ ቢቸና ተመልሼ፣ መነሻችን ከቤታችን ደጅ ነው፤ በእግር፣ በዋናው መንገድ። ወንዙን አንድ ጊዜ ብቻ እሻገራለሁ፣ የራሱን ስም ጠርቼ። ጃንጥላውን በቀኜ እይዛለሁ፤ ግራ ትከሻዬ ያንተ ነው፣ ምንም አልሸከምበትም። ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ ቁልቁለቱን እየነገርሁህ እሄዳለሁ። እዚያም ስንደርስ አንተን አላስቸኩልህም፤ መጀመሪያ እኔ ግንቡን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ጥርብ ድንጋይ ካልሆነ ደረስን አልልህም።

ዓይን ያወጣው ልጅህ፣
አስማረ