ጌሾ አንሶታል ስለተባለው አሲድ

ለተከበሩ የፈሳሽ ምርቶች ክትትልና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቁጥጥር ቡድንዎ መሪ የአቶ ፈንታሁን ምላስ እንደምን ሰንብታችኋል? ከጉና የሚወርደው ብርድ ሳይበግራችሁ በሙሉ ጤንነት በየወንበራችሁ እንድትቆዩልን የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ፣ የጓሮ ክፍሌ በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ከመታሸጓ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

ጉዳዩን ላልሰሙ የከተማችን ነዋሪዎች ለማስረዳት ያህል፣ እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በጓሮዬ ያቋቋምኩትም አልሙኒየም ቀለም የሚይዝበትን አነስተኛ ወርክሾፕ ነው። ሥራው አኖዳይዚንግ ይባላል። አልሙኒየሙ በውሃ በቀጠነ የባትሪ አሲድ ተነክሮ፣ በመኪና ባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ሲላክበት፣ ከራሱ ገላ ጠንካራ ቆዳ ያወጣል፤ ቆዳው ቀለም ይጠጣል፤ በመጨረሻም በፈላ ውሃ ሲቀቀል ቀለሙን እንደያዘ ይዘጋል። አሲዱን ከጋራዥ፣ ቢጫውን ቀለም ደግሞ ለስፌት ሠሪዎች ከምትሸጠው ከሰሚራ ሱቅ ገዛሁ፤ ትነቱ እንዲወጣም ቧንቧ በመስኮት አሳለፍኩ። አሲዱ እንዳይሞቅ ማቀዝቀዣ ያስፈልግ ነበር፤ እሱን የደብረ ታቦር አየር ያለ ደጅ ጥናት ስለሠራልኝ፣ ከከተማው አካላት ሁሉ የተባበረኝ እሱ ብቻ መሆኑን ለመመስከር እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የመጣልኝ ከገሳይ ከተማ ነው። መሪጌታ ጥላዬ የእርሳቸውና የሌሎች አረጋውያን ካህናት የመቋሚያ ራስ ናስ በመሆኑ ለክንዳቸው ከብዷቸው፣ በአልሙኒየም ሊለውጡት ፈለጉ። ጥሬ አልሙኒየም ደግሞ እጅ ያጠቁራል፣ ነጠላም ያቆሽሻል። ስለዚህ ብረት ሠሪው ነስሩ በቶርኖ ማሽኑ ቀርፆ ሊያወጣቸው፣ እኔም ወርቃማ ቀለም ላስይዛቸው ተስማማን። መሪጌታ ከአዲሶቹ ጋር አንዲት አሮጌ የአልሙኒየም ራስ ጨመሩልኝ፤ የኔታቸው ሲያርፉ ያወረሷቸው ናት። «ይቺን እንኳ አደራ፣ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቡድንዎ፣ በርሜል፣ ቧንቧና የሚፈላ ድስት ሴት ባለችበት ግቢ ከታዩ ከአረቄ በቀር ሌላ ነገር ሊሆኑ አይችሉም በሚል ጽኑ እምነት እስከ ጓሮዬ ድረስ ስለመጣልኝ አመሰግናለሁ። ያው በርሜልና ያው ቧንቧ በነስሩ ግቢ ቢገኙ ኖሮ ጋራዥ ተብለው በሰላም እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰለፈችም ባዶ ጠርሙስ ይዛ «ፍቅርተዬ፣ እኔንም ትደብቂኛለሽ? ለክርስትና ነው እኮ» እያለች ስትመላለስ ስለሰነበተች፣ ጥቆማው ከየት መጣ ብዬ ማንንም አላስቸገርኩም።

፪. አቶ ፈንታሁን ስላሳዩት ቆራጥነት አመሰግናለሁ። አሲድ ነው፣ ያቃጥላል ብዬ ስለምናቸው «ኧረ ተዉን እትዬ፣ የያዝነው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብለው ጣታቸውን ነክረው ወደ ምላሳቸው ወሰዱት። አረቄ የሚመረመረው በመቅመስ መሆኑን አውቃለሁ፤ የቆየ ወግ ነው፣ አልነቅፈውም። እንዲጉመጠመጡበት ውሃ ያቀረብኩላቸውም እኔው ነበርኩ። ተፍተው ሲጨርሱ ግን ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ጌሾ አንሶታል» የሚል ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይም «ደረጃውን ያልጠበቀ አረቄ» ተብሎ ሰፈረ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ መልሱ ምላሱን እያቃጠለው በመልሱ የጸና ተማሪ አልገጠመኝም።

፫. በሩ ሲታሸግ የመቋሚያዎቹ ራሶች አሲዱ ውስጥ ነበሩ። ቡድኑ ለጥንቃቄ ሲል ቻርጀሩን ነቀለ፤ እነሱን እዚያው ተዋቸው። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ደግሞ ቆዳ ሲያበቅል የነበረው አሲድ ዞሮ ያንኑ ቆዳ፣ ቀጥሎም አልሙኒየሙን ራሱን መብላት ይጀምራል፤ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ለምሳ ሳይወጣ። ለጥቂት ደቂቃ ይከፈትልኝና ላውጣቸው ብዬ ባመለክት፣ «ባለቤቷ የምርቷን ጥራት አሻሽላ ስትቀርብ ማኅተሙ ይነሳላታል» የሚል መልስ ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በታሸገ ክፍል ውስጥ ያለ አሲድ፣ እኔ ውጭ ቆሜ፣ በምን ዘዴ ጥሩ አረቄ እንደሚሆን የሚያሳይ መመሪያ ካለ ቢላክልኝ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቼም አካፍላቸው ነበር።

፬. መሪጌታ ከገሳይ በሚኒባስ እየተመላለሱ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሲመጡ በሩ ፊት ቆመው ማኅተሙን ሲያዩት ቆዩና «አይዞሽ፣ ልጄ። አዲሶቹስ ይቅሩ፣ ነስሩ ደግሞ ይሠራቸዋል። ያቺ ግን…» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ ከራሶቹ የተረፈውን እንዳወጣና በሶዳና በውሃ እንዳጥበው ብቻ ነው። ሰው ይቁምብኝ፤ አቶ ፈንታሁን ራሳቸው ቢቆሙብኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን መልሳችሁ ብታሽጉት፣ በርሜሉን ብትወርሱት፣ እኔንም በአረቄ ነጋዴነት ብትመዘግቡኝ ቅር አልሰኝም። የየኔታን ራስ ግን ልመልስ።

ጽሕፈት ቤትዎ ሲከፈት የምትደርስ፣ ሲዘጋም የምትሸኛችሁ፣ ምርቷ ከደረጃ በታች የሆነ ታዛዥዎ፣

ፍቅርተ ዳኛቸው
ደብረ ታቦር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቡድንዎ ለማስረጃነት በሃይላንድ ሞልቶ የወሰደው ፈሳሽ አሲድ መሆኑን ያን ዕለት በቃል፣ በማግስቱም በጽሑፍ አሳውቄ ነበር፤ መልስ አልተሰጠኝም። የተያዘ አረቄ በጽሕፈት ቤትዎ ቁም ሳጥን ውስጥ በዓል እንደማያሳልፍ ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እባክዎ ይህኛውን ማንም እንዳይቀምሰው ያድርጉልኝ። ይህን ከሁሉም የሚብስ ጉዳይ ከደብዳቤው ግርጌ ያደረግኩት አቃልዬው አይደለም፤ እናንተ ዘንድ ከማመልከቻ የሚነበበው ከፊርማው በታች ያለው ብቻ መሆኑን ስለማውቅ ነው።