እንስራው የፈሰሰበት መንገድ

ውድ አባቴ፣ አቶ ንብረት፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ባለቤቴ ቻይነሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን የሚያነቡልዎ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸውና እሳቸውም ይስሙኝ፤ የምናገረው የማፍርበትን ነገር ነው።

ቡሬ ከጣሊያን የመንገድ ሥራ ቤት በጸሐፊነት ስቀጠር ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ግንቦት ላይ መሐንዲሱ ወረቀት ሰጠኝና በሦስት መንገዶች ዳር በየተራ አስቀመጠኝ፤ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደው፣ አንዱ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚገባው፣ አንዱ ደግሞ ከመንደራችን በዳገቱ ቡሬ የሚያወጣው። ላለፈው ካሚዮን ሁሉ ጭረት እጭራለሁ። ጭረት የበዛበት ክረምት ሳይገባ ይጠገናል፣ ያነሰበት ይከተላል፣ የሌለበት ይቆያል። በእኛ ዳገት ላይ አንድም ጭረት አልጫርሁም። ካሚዮን ከየት መጥቶ!

ይህን ብልሃት ደጃፍዎ ላይ ቆሜ ሳወራልዎ በትርዎን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እግሩንስ ቆጠርኸው?» አሉኝ።

«የምን እግር?»

«የሰው ነዋ!»

ሳቅሁ። አባቴ፣ በእርስዎ ላይ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጡም፤ እኔም ይቅርታ መጠየቁን ሞት አደረግሁት።

ሐምሌ ላይ፣ እኔ ሳምንቱን ቡሬ ሰንብቼ በሌሊት በወረድሁ ማግስት፣ ቻይነሽን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። የሚያድናት አዋላጇ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው ተባለ፤ እሳቸው ደግሞ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ከቡሬ አይወጡም። «በቃሬዛ ውሰዷት» አሉ ሴቶቹ። እኔ ግን አመነታሁ። ጭረት የነፈግሁት ዳገት በጎርፍ እንዴት እንደተቦረቦረ አውቃለሁ። ተሸካሚ አንድ ጊዜ ቢያዳልጠው ሁለት ነፍስ ነው።

ጎረቤቶቻችን ታከለና እጅጉ ከፊት፣ እኔና ተስፋው ከኋላ ሆነን ተነሣን። ዝናቡ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቦይ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ እግሬ ግን ድንጋይ ላይ አረፈ። በሁለተኛውም ድንጋይ ተነጥፎ በጠጠር ተጠቅጥቋል። ሌላው ቦታ ጭቃው እንዳለ ነው። የተጠገነው ቦታ ቃሬዛ የሚያዘነብልበት ብቻ ነበር።

«ማን ሠራው?» አልሁ።

«አባትህ ናቸዋ!» አለ ታከለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሰኞ ውሃ የሞላ እንስራ ቃሬዛ ላይ አስረው አሸከሙን። ውሃው በፈሰሰበት ሁሉ ‹ቁሙ!› እያሉ ችካል ተከሉ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ስንሸከም ሰነበትን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ጣሊያን ቤት አይደለህ!»

አባቴ፣ በመሐንዲሱ ካርታና በእኔ ጭረት ያልታየውን አንዲት እንስራ አይታዋለች! አኩርፈውኝ ሳሉ የሚስቴን ወር ይቆጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አባቴ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ኖርሁ። ዳገቱን እስክንጨርስ አለቀስሁ፤ ዝናቡ ሸፈነልኝ።

ልጁ ጎህ ሲቀድ ተወለደ። ወንድ ነው። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ እትብቱን ቆርጠው ሲጨርሱ «ትንሽ ብትንገላታ ኖሮ ሁለቱንም አታገኛቸውም ነበር» አሉኝ።

ትናንት ወረቀቴን ይዤ ዳገቱ አናት ላይ ተቀመጥሁና እግር መቁጠር ጀመርሁ። ገበያተኛው፣ ወፍጮ የሚሄደው፣ ቀብር የሚወጣው፣ ልጅ ያዘለችው። ገና ረፋድ ላይ ወረቀቱ ሞላ። ለመሐንዲሱ ወሰድሁለት፤ አገላብጦ አየና «ካሚዮኑ የታለ?» አለኝ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ክርስትናው በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በአርባ ቀኑ ነው። ልጁን ታቅፈን በዚያው መንገድ እንመጣለን። ይቅር ካሉኝ ያችን እንስራ ደጃፍዎ ላይ ያቁሙልኝ። ባላያትም ልጁን አሳቅፌዎ እመለሳለሁ እንጂ አልቀየምም። ካየኋት ግን ውሃ ሞልቼ፣ ከቃሬዛው ፊት ገብቼ፣ «ቁም!» እስኪሉኝ ድረስ እሄዳለሁ።

እግር መቁጠር የጀመረው ልጅዎ፣
ቢሆነኝ ንብረት
ቡሬ፣ ሐምሌ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.