ለመጽሐፍ ሁሉ ዕድሜ ይሰጡ የነበሩት እትዬ ኦይ

ወይዘሮ ሱዋኒ ታንቲፓይሳል ከአባታቸው ከአቶ ኪም ሊያንግ ታንቲፓይሳልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቹዓይ፣ በትራንግ ክፍለ ሀገር፣ በሁዋይ ዮት ወረዳ፣ የጎማ ዛፍ በከበበው የቤተሰባቸው ቤት በ2490 ዓመተ ቡድሃ፣ በአሳማው ዓመት ተወለዱ።

ከላይ ያለው የልደት ዓመት ከመታወቂያቸው ላይ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ትክክል ግን አይደለም። የሕይወት ታሪክ በስህተት ሲጀመር ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው የወንድማቸው ልጅ ዊሞን ነኝ። ሥራዬ ሂሳብ ማስተማር ነው። ባለፉት ስድስት ቀናት ግን ከአንድ ቁጥር ሌላውን መቀነስ አቅቶኝ ስባዝን ከርሜአለሁ። ለቀስተኛው እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲሰማኝ እለምናለሁ።

ግራ የገባው እኔን ብቻ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ፒቻይ በባቡር ጣቢያው፣ በገበያው መግቢያና በየሻይ ቤቱ ግድግዳ የለጠፈው የሞት ማስታወቂያ «በሰባ ሰባት ዓመታቸው» ይላል። በቤታችን በር ላይ የተሰቀለው ፋኖስ ደግሞ «ሰማንያ» ይላል፤ በአባቶቻችን ደንብ ለሟች ሦስት ዓመት ይጨመርለታልና፤ አንዱ ለሰማይ፣ አንዱ ለምድር፣ አንዱ ለሰው። ይህም ሳያንስ በቤተ መቅደሱ ያለው የነብር ዓመት ተወላጆች ማኅበር «ለነብሯ እህታችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ላከ። ዓመታትን በየተራ በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም እንጠራለንና፣ በነብሩ ዓመት የተወለደ ሰው በ2493 የተወለደ ነው፤ እንግዲህ ሰባ አራት ሊሆናቸው ነው። በየዓመቱ ከነብሮቹ ጋር ምጽዋት ሲያወጡ እናይ ነበር፤ ንባብ አዙሮባቸው የተወለዱበትን ዓመት የተሳሳቱ ይመስለን ነበር። ማስታወቂያውንም ፋኖሱንም ጉንጉኑንም ያየ አንድ የሻይ ቤት ደንበኛ ለመሆኑ በዚህ ቤት የሞተው ስንት ሰው ነው ብሎ ጠይቆናል።

ይህ ሁሉ የደረሰው ከማንም በላይ ስለ ዕድሜ በሚጨነቁ ሰው ላይ ነው። ከተማው በቤት ስማቸው እትዬ ኦይ እያለ የሚያውቃቸው አክስቴ፣ ከ2521 ጀምሮ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መጽሐፍ ማከራያ ቤታቸው አርባ ስድስት ዓመት ተቀምጠው የሠሩት ሥራ፣ የትኛው መጽሐፍ በስንት ዓመት መነበብ እንዳለበት መወሰን ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ መጀመሪያ ራሳቸው ያነቡታል። ከዚያ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይ እርሳስ አንድ ቁጥር ይጽፋሉ። አሳታሚው የፈለገውን ዕድሜ ያትም፣ ደንታቸው አልነበረም። የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል «ለየዕድሜው የሚሆኑ መጻሕፍት» የተሰኘውን ዝርዝራቸውን ሊወስዱ ይመጡ ነበር።

ለአዋቂም ቢሆን ፊት አይሰጡም። የጣቢያው ኃላፊ የነበሩት አቶ ፕራሰርት ጡረታ በወጡ ማግስት የወንጀል ልብ ወለድ ሊከራዩ ቢመጡ፣ ስለ አንድ ሸርጣን የሚያወራ የሥዕል መጽሐፍ አስይዘው ሸኟቸው። በቀይ እርሳስ የተጻፈበት ቁጥር ስድሳ ነበር። አቶ ፕራሰርት አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀይመው በመንገዱ ማዶ ሲያልፉ ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገብተው፣ ሸርጣኑ ሌላ መጽሐፍ እንዳለው ጠየቁ።

ልጆች ሲመጡ ደግሞ ማንም ያልገባው አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሴት ልጅ ከሆነች መጀመሪያ ዕድሜዋን ይጠይቃሉ። ልጅቷ አስራ አምስት ካለች «የወረቀቱን ነው ወይስ እናትሽ የምታውቀውን?» ይሏታል። ግራ ገብቷት ስትቆም «እንግዲያው አስራ ሁለት እንበል» ብለው፣ ከተነገራቸው ላይ ሦስት ዓመት ቀንሰው መጽሐፍ ይመርጡላታል። በወንዶቹ ላይ ይህን ያህል አይበረቱም። እኛ የሴትዮዋ ቀልድ ነው እያልን እንስቅ ነበር። እኔ ራሴ በአስራ አራት ዓመቴ፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ሰዎች በዝናብ የተቃቀፉበት የፍቅር ልብ ወለድ ፈልጌ ሄጄ፣ ገና አስራ አንድ ነሽ ተብዬ ስለ ጨረቃ የሚያስረዳ መጽሐፍ ታቅፌ ተመልሻለሁ። ሥጋ ነኝ ብዬ ብለማመጥም አላዳሉልኝም። የፍቅሩን መጽሐፍ ያነበብኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከዝናቡ በቀር ረብ ያለው ነገር የለውም።

አንዴ አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጥታ ጮኸችባቸው። ልጄ የክፍሏ አንደኛ ናት፣ የትልልቆቹን ሁሉ ማንበብ ትችላለች፣ ምን አግብቶዎት ይከለክሏታል አለች። እትዬ ኦይ ሴትዮዋን ትተው ልጅቷን ነበር የሚያዩት። «ማንበቡንስ ትችላለች» አሉ። «ትችላለች ተብሎ ግን ሁሉ ነገር አይጫንባትም።» ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣች። እኔ በዚያ ቀን እዚያው ነበርኩ፤ ለአንድ መጽሐፍ ለምን ያን ያህል እንደከረሩ አልገባኝም ነበር።

ወደ ትምህርታቸው ልመለስ። በሕይወት ታሪክ ውስጥ የትምህርት ዘመን መጻፍ ስላለበት ባለፈው ማክሰኞ ወደ ሁዋይ ዮት ሄጄ የተማሩበትን ትምህርት ቤት መዝገብ አስፈለግሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አገላብጣ፣ ሱዋኒ የምትባል ተማሪ የለችም አለችኝ። የአቶ ኪም ሊያንግ ልጅ የሆነች ሌላ ግን አለች፤ ስሟ ራቢያብ ነው፤ በ2493 የተወለደች፣ እስከ ሰባተኛ ክፍል ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች የተማረች፣ በ2507 ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ያቋረጠች። በኅዳጉ ላይ «ቤተሰብ ወሰዳት» ተብሎ ተጽፏል። ራቢያብ የሚባል ዘመድ እንዳለን ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣልኝ አያቴ ከሌላ ሴት ወልደው እንደሆነ ነው። ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ፣ እስከ ቤት ድረስ አያቴን በሆዴ ሳማ መጣሁ።

አባቴ አቶ ሄንግ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ይህ ቁጥር እንኳ እርግጥ ነው። ቤት ስደርስ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠው፣ ለሟች የሚቃጠለውን ወርቃማ ወረቀት ያጥፉ ነበር። ራቢያብ ማን ናት ብዬ ስጠይቃቸው እጃቸው ቆመ። «ኦይ ናት» አሉ።

የነገሩኝ እንዲህ ነው። ሱዋኒ የምትባለው የአክስቴ ታላቅ እህት ነበረች። በ2490 ተወልዳ፣ በስድስት ዓመቷ በትኩሳት ሞታ፣ ከጎማው ዛፍ በስተኋላ ተቀበረች። ወረዳው ሩቅ ስለነበር አያቴ መሞቷን አላስመዘገቡም። ከእሷ ሦስት ዓመት የምታንሰውን ራቢያብንም መወለዷን አላስመዘገቡም። በ2507 አንድ የሠላሳ ስምንት ዓመት የጎማ ነጋዴ ልጅቷን ለጋብቻ ጠየቀ። ለአስራ አራት ዓመት ልጅ ሕጉ አይፈቅድም። በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ግን ሞቷ ያልተነገረ አንዲት የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

«የወሰነው አባታችን ነው» አሉ አባቴ። «ወረዳ ግን ሦስታችንም ሄድን። ጸሐፊው አያትና ተጠራጠረ። ወደ እኔ ዞሮ፣ አንተ ወንድሟ ነህ፣ ስንት ዓመቷ ነው አለኝ። አስራ ሰባት አልኩት።»

እሷስ ምን አለች አልኳቸው።

«ምንም። መሬት መሬት ታይ ነበር። የትምህርት ቤት ጫማዋን እንዳደረገች ነበር።»

እንግዲህ በወረቀት ሱዋኒ፣ በእውነቱ ራቢያብ የሆኑት አክስቴ በ2507 ከነጋዴው ከአቶ ሶምኑክ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ሶምኑክ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ ይነገራል፤ ይህን የሚናገሩት ግን ወንዶቹ ዘመዶቻችን ናቸው። አክስቴ በአስራ አምስት ዓመታቸው አንድ ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደባቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ አላገኙም። ባለቤታቸው በ2520 በወባ ሲያርፉ አክስቴ እንደ ቆጣሪው የሃያ ሰባት ወይም የሠላሳ ዓመት ሴት ነበሩ። የጎማ ዛፎቹን ሸጠው ወደ ከተማ መጡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ማከራያ ቤቱን ከፈቱ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሑድ ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ነበር። የተጠበሰው አሳማ ሲቀርብ አባቴ እየተንኮሻኮሸ የሚበላውን ቆዳ መርጠው መጀመሪያ ለእሳቸው ያነሱላቸዋል። ልጅ ሆኜ የወንድምና የእህት ፍቅር እንዲህ ነው እል ነበር። አሁን ምን እንደምል አላውቅም። አክስቴ ቆዳውን ይበሉታል፣ ስለ መጻሕፍት ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። «አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም» አሉኝ አባቴ። «በሰደበችኝ ምን ነበረበት።» በአባቴ ላይ ተናድጃለሁ፤ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም። አባቴንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱን እንዴት እንደምደምራቸው የሚያስተምር ሂሳብ አልተማርኩም።

ረቡዕ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ በዛሬው ወረቀት ላይ ምን ይጻፍ ተባለ። ፒቻይ ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ፋኖሱ ተሰቅሏል፣ ሰባ ሰባት ብለሽ አንብቢና ይለቅልን አለ። ማን ይቆጥራል? የፒቻይ እናት አክስት ሎይም በእርጅና ዘመኑ አባትሽን በሕዝብ ፊት ልታዋርጂው ነው ወይ ብለው አለቀሱ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ደክሞኝ ነበርና ሰባ ሰባት ብዬ ልገላገል ወስኜ እርሳሴን አነሳሁ። አባቴ ግን በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ያኔ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አሁንም እኔው ልመልስ። አስራ አራት ነበረች ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩት። ፋኖሱንም አወረድን፤ ለሰማይ፣ ለምድርና ለሰው የሚጨመረውን ሦስት ዓመት አባቴ ራሳቸው እንቢ አሉ። ለእሷ ሦስት ዓመት ድሮ ተጨምሮላታል አሉ። አዲሱ ፋኖስ ሰባ አራት ይላል።

አክስቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲታመሙ ቢቆዩም፣ እስከ ባለፈው ወር ድረስ ሱቃቸውን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ሆስፒታል ሲገቡ ነርሷ ለካርድ ዕድሜያቸውን ብትጠይቃቸው «የትኛውን?» አሏት። ነርሷ ሕመሙ አደናግሯቸው መስሏት ከመታወቂያው ገለበጠች። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተደናገሩት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ዛሬ አውቃለሁ። በኖቬምበር 10 ቀን 2567 ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከኋላቸው አንድ ወንድም፣ የወንድም ልጅ እኔን፣ ስድስት የዘመድ ልጆችንና ሦስት ዓመት የቀነሱላቸውን የትራንግ ሴቶች ሁሉ ትተዋል። መጻሕፍታቸው በሁዋይ ዮት ለተማሩበት ትምህርት ቤት ይሰጣሉ፤ መዝገቡ ላይ ባለው ስማቸው ነው የሚሰጡት። ሱዋኒ ለምትባለው የስድስት ዓመት ልጅ እስከ ዛሬ ጸሎት ተደርጎላት አያውቅም። መነኮሳቱ አሁን ሲጸልዩ የሁለቱንም እህትማማቾች ስም እንዲጠሩ ለምነናል፤ ስሟን ተገደው ተዋሷት እንጂ አክስቴ አልወሰዱባትም።

አስከሬኑን የሚያቃጥለው እሳት ከመለኮሱ በፊት፣ እንደ ደንባችን ሁላችንም አበባ አኑረን ሟችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ መጀመሪያ የሚቆሙት አባቴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ቦታ ይልቀቅላቸው። ይቅርታ የሚጠይቁት የትምህርት ቤት ጫማ ያደረገችውን ልጅ ነው።

ራቢያብ ታንቲፓይሳል ያደረጉት በጎ ነገር ሁሉ ቀድሟቸው ይድረስ። እንደገና በሚወለዱበት ቤት ስማቸው የራሳቸው ይሁን፤ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሰባት፣ አስራ አራት ሲሞላቸው አስራ አራት ይሁኑ።