በደረጃው ላይ ስለተለጠፈችው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎም ጭምር፣ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም ዳሌዬ ውስጥ ከገባው ብረት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ አራተኛ ፎቅ ከእርስዎ በር ፊት ለፊት የምኖረው ጡረተኛ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ባለፈው ወር ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ የደረጃ ማረፊያ ላይ ወድቄ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ እዚያው የተኛሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሳለሁ ጉዳዩን የያዙት ዐቃቤ ሕግ እንደነገሩኝ፣ በአደጋ ላይ ያለን ሰው እያየ፣ በራሱ ላይ ጉዳት ሳያመጣ ሊረዳው ሲችል ትቶት የሄደ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ይህ በጎረቤትነት ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር፤ ሕግ እንደወጣለት አላወቅኩም። ስለዚህ ያለኝን ቅሬታ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ እንደሚከተለው በትህትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲወርዱ አይተውኝ፣ ቆም ብለው፣ አንገትዎን ነቅንቀው ተመልሰው ወጡ። ስልክ ሊደውሉልኝ ነው ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። እርስዎ ግን ይዘው የመጡት ወረቀትና ማጣበቂያ ነበር። «በዚህ ደረጃ ላይ እንቅፋት ስላለ ነዋሪዎች ለጊዜው በኋላው ደረጃ እንድትጠቀሙ በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ አዘግይተዋል ተብለው ከታሙ ወዲህ ሰዓት ሳይጽፉ ማኅተም አያሳርፉምና፣ ፊርማው፣ ማኅተሙና ሰዓቱ አንድም አልጎደለም። ለጥፈው እጅዎን አራግፈው በኋላው ደረጃ ወረዱ። ኮሚቴው የድርሻውን እንደተወጣ ከአረማመድዎ ተረዳሁ።

፪ኛ. ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ማስታወቂያውን ሳያዩ በእኔ በኩል መጡ። «እኔን ይድፋኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከዚያም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተሻገሩኝና፣ ምንም ሳይደፋቸው፣ በደህና ወደ ቤታቸው ገቡ። ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ድምፄ እስኪዘጋ «ጎረቤት! ኧረ ጎረቤት!» እያልኩ ተጣርቻለሁ። የማናችሁንም ስም ባለማወቄ የተፈጠረ ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ የደረሰልኝ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሰውዬው ማስታወቂያዎን አንብቦ ሳያከብር ቀረ፤ እንዲያውም ገንጥሎ ጀርባው ላይ የአምቡላንሱን ሾፌር ስልክ ጻፈበት። «አባባ፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» እያለ አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን ይዞ ተቀመጠ። ወረቀቷ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቀረች፤ ዕድሜ ልኬን ወረቀት ስጠርዝ ኖሬ ወረቀት መጣል አይሆንልኝም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ «ስወድቅ ማንም አላየኝም፤ እኔም ሰው አልተጣራሁም» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሊያስፈርሙኝ መጡ። ጌታዬ፣ ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗት፣ ከዚያ ወዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። በር ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ እንኳ ጠፍቶኝ መስኮቱ መስሎኝ ነበር። ወንበር አቀረብኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ሊያስፈርሙኝ ሲሉ መነጽሬ ጠፋብኝ አልኩ። በመጡ በሁለተኛው ቀን እስክሪብቶው አልጽፍ አለኝ፣ በሦስተኛው እጄ ተንቀጠቀጠ። በአራተኛው ስለ ወገብ ሕመምዎ አጫወቱኝና አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ፤ ሳቅንም። እውነቱን ልናገርና፣ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከፈረምኩ ተመልሰው እንደማይመጡ ስላወቅኩ ነው።

በአምስተኛው ቀን የጫማዎን ድምፅ ሰምቼ፣ ሁለቱን ብርጭቆ አውጥቼ፣ በክራንች እየተንፏቀቅኩ በሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱ በበሩ ሥር ገብቶ ጠበቀኝ። «ፈርመው በዚያው ይመልሱልኝ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ሁለቱንም ብርጭቆ እኔው ጠጣሁ። በማግስቱ ታክሲ ጠርቼ ማስታወቂያዎን ለዐቃቤ ሕግ አስረከብኩ። ማየትዎን የሚያስረዳ ማስረጃ ሲፈልጉ ሰንብተው ነበርና፣ ሰዓት ስለጻፉበት በእርሳቸውም ስም አመሰግናለሁ።

ለወገብዎ ምሕረት፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣

የሁለተኛ ፎቅ እንቅፋት፣
ሲነሣ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያች ቀን አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ ልፈርምልዎ ቆርጬ ነበር። አሁንም አልተቆራረጥንም፤ ፍርድ ቤት ተከሳሽም ምስክርም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚጠብቀው አሉኝ። ቀድመው ከደረሱ አጠገብዎ ቦታ ይያዙልኝ።