ያልታገሥናቸው ዐሥራ ሁለት መብራቶች፦ የአቶ አምሐ አወቀ የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሐ አወቀ ጥቅምት 14 ቀን 1954 ዓ.ም. ከአባታቸው ከመሪጌታ አወቀ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ካሣ በጃናሞራ ወረዳ በመካነ ብርሃን ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ሰውአገኝ አወቀ ነኝ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ራሱን መደበቁ ወግ ነው። እኔ ግን ዛሬ መደበቅ አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ስትሰሙት ፍረዱኝ።

አንደኛ ደረጃን እዚያው መካነ ብርሃን፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከአክስታችን ከወይዘሮ ይርገዱ ቤት ተቀምጠው አጠናቀቁ። ከዚያም ሁለት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ተምረው በ1976 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በጎንደር ከተማ በሕክምና መሣሪያ ጥገና ሥራ ተቀጥረው እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። እሳቸው ጠግነው ያስነሡት መሣሪያ ብዙ ነው፤ በሪፖርት ላይ የተመሰገነው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። ሰዓቱ አይሠራም ነበር። ቤት ወስደው ራሳቸው ጠገኑት።

በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሽታዬ ምንዳዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወይዘሮ ዓይናለምንና አቶ ኢዮስያስን ወለዱ። ፀዳ ላይ ጎጆ ቀልሰው ልጆቻቸውን በወግ በማዕረግ አሳደጉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የደከሙበት አንድ ሥራ ነበር። ልጅ ሳሉ በትንሣኤ በዓል ጧፍ ከጧፍ እየተለኮሰ ብርሃኑ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሞላ ማየት ይወዱ ነበር። ያንን ለደብራችን ዓመታዊ ንግሥ በኤሌክትሪክ ለመሥራት አሰቡ። ዐሥራ ሁለት ኤል ኢ ዲ መብራቶች ተራ በተራ፣ አንዱ ለሌላው እያቀበለ፣ ቀስ ብለው የሚደምቁበትና ቀስ ብለው የሚደበዝዙበት ሰርኪት ነደፉ። ፕሮግራም የሚባል ነገር የለውም፤ ካፓሲተር፣ ሬዚስተርና ትራንዚስተር ብቻ ነው። ምነው ዘመናዊውን አይገዙም ሲባሉ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚቃጠል ነገር ለቤተ ክርስቲያን አልሰጥም፣ የእኔን የሰፈር ጠጋኝ ሁሉ ያድነዋል ይሉ ነበር። ካፓሲተር ማለት ጠብ ጠብ በሚል ውኃ የሚሞላ እንስራ ነው ብለው አስረድተውኛል፤ እስኪሞላ መብራቱ አይታይም፣ ከጠፋ ደግሞ ያጠራቀመው ሁሉ ይደፋል። እኔም ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቅንቄአለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት እየሄዱ፣ በቀሩት ቀናት ሬዚስተር እየቀያየሩ ሥራቸውን ጨረሱ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ሙከራው ሊደረግ ሲል ሕመሙ ጠንቶባቸው አልጋ ያዙ። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩና መብራቶቹ የተገጠሙበትን ሠሌዳ አስረክበው አንድ ነገር አዘዙኝ፤ «አብሩትና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ያኔ ይጀምራል።»

እኛ ዘንድ ጸሎት ይቀድማል። ኅዳር 18 ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሁላችንም ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን፤ ከዚያ ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም ምንም። እንደገና አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ በመጨረሻ መስመሩን ነቀልኩት። የኮሚቴው አባል አቶ አለነ «አያ አምሐ ጧፉን ሠርተው ክብሪቱን ረሱት!» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ከንፈር የምትመጡት አብራችሁኝ ስቃችኋል። ከገበያ ብልጭ ድርግም የሚል ገዝተን ሰቀልን፤ በበዓሉ ማግስት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ።

አልሠራም ብዬ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስንት ጠበቃችሁ? አፍሬ «ኧረ ብዙ ጠብቀናል» አልኳቸው። አመኑኝ፤ ወንድማቸው ነኛ! ሠሌዳውን ስመልስላቸው፣ ስሕተቱ ሳይገኝ ማንም እንዳይሰካው ብለው ጓዳ አስገቡት። ከዚያ በኋላ የቀራቸውን ሁለት ወር ትራስ ተደግፈው በደብተራቸው ላይ የሌለ ስሕተት ሲፈልጉ ኖሩ። ለወይዘሮ ሽታዬም ሳላገኘው ልሞት ነው ይሏቸው ነበር። እንዳሉትም ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ።

ያን ዕለት ድንኳን ሲተከል ዓይናለም ለለቀስተኛው ቦታ ለማስለቀቅ ሠሌዳውን ከጓዳ አወጣችው። እስቲ ልየው ብላ መስመሩን ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሰክታ፣ ምንም ስታጣ አግዳሚ ልታቀብል ዞረች። ማብሪያው እኔ እንደተውኩት በርቶ ነበር። ስትመለስ ሦስተኛው መብራት እየደመቀ፣ አራተኛው እየጀመረ ነበር። ዐሥራ ሁለቱም በተራቸው በሩ። «አባ ምንም አልተሳሳተም» ብላ ጮኸች። ድንኳን ተካዩ ሁሉ ካስማውን ይዞ ቀረ። አቡነ ዘበሰማያቱ ለካ እንስራው እስኪሞላ የመጠበቂያ ልክ ነበር! እኔ ደረቴን መታሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ የሚሰማኝ ሰው የለም። ውሸቴን ይዘውት ሄዱ።

አቶ አምሐ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሽታዬን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ይቅርታ ሊጠይቃቸው ያልደረሰ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለሽታዬና ለልጆቹ ብርታቱን ይስጥ።

ሠሌዳው እዚሁ ድንኳን ውስጥ ከአስከሬናቸው ራስጌ ተሰቅሏል። ንባቤን ጨርሻለሁና አሁን ማብሪያውን እጫናለሁ። ማንም እንዳይነካው። በሉ ተነሡና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላቸው፤ አትቸኩሉ።